ውሻ በቀደደው እንዳይገባ፦ ስለ ደባርቅ ውሾች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የደባርቅ ከተማና የአካባቢው ነዋሪዎች፣ በጎንደር፣ በአዲስ አበባና በውጭ ሀገራት የምትኖሩ የአካባቢያችን ተወላጆች፦

እኛ በደባርቅ በየሰፈሩ የሚገኙ ውሾችን ለማስከተብና ለማምከን፣ የተጣሉትንም ቡችሎች ባለቤት እስኪያገኙ ድረስ በየቤታችን ለማቆየት የተሰባሰብን በጎ ፈቃደኞች ነን። ከመካከላችን መምህራን፣ የፓርክ አስጎብኚዎች፣ ነጋዴዎች፣ አንድ ጡረታ የወጡ የጤና ባለሙያና በርካታ ተማሪዎች ይገኛሉ። እስካሁን የሠራነው ከየኪሳችን እያዋጣን ነበር፤ ከመጪው መስቀል በኋላ ልናካሂደው ያሰብነው ዘመቻ ግን ከእኛ አቅም በላይ በመሆኑ እጃችሁን እንድትዘረጉልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ሰው በተቸገረበት ጊዜ ስለ ውሻ ገንዘብ መለመን ነውር ሊመስል እንደሚችል እናውቃለን። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖቻችንን ደባርቅ ተቀብላ ስታስተናግድ ካለን ላይ ቆርሰን የሰጠን እኛው ነን፤ ከዚያ ወዲህም የኑሮ ውድነቱ ማንንም አልማረም። በመጀመሪያው ስብሰባችን ላይ አንዲት እናት «ልጄ ደብተር ሳይኖረው ለውሻ መርፌ ልግዛ?» ብለው ሲጠይቁ ማናችንም ፈጥነን መልስ መስጠት አልቻልንም ነበር። እኚያው እናት ዛሬ የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ናቸው። ሐሳባቸውን ያስለወጣቸው የማንም ንግግር ሳይሆን በሰፈራቸው አንድ ሕፃን ተነክሶ ቤተሰቡ ለክትባት ሲንከራተት ማየታቸው ነው። መርፌው የሚገዛው ለውሻው ቢሆንም የሚጠብቀው ከውሻው አጠገብ የሚጫወተውን ልጅ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳን።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ ማለት ይቻላል ሁልጊዜም ገዳይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በዚህ በሽታ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎች እንደሚሞቱ ይገምታል፤ አብዛኞቹ በእስያና በአፍሪካ የሚኖሩ ሲሆኑ፣ ከአሥሩ አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በሰው ላይ ከሚደርሰው ውስጥም 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። ቫይረሱ ከንክሻው ቦታ ተነስቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል እስኪደርስ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል፤ ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን ከጀመረ ይድናል። ይሁን እንጂ ከደጋ ቀበሌ በእግሩ ለሚመጣ እረኛ ልጅ፣ መርፌው አንድ ቀን ብቻ ተወግተው የሚገላገሉት ባለመሆኑ፣ መመላለሱ፣ ማደሪያውና የትራንስፖርቱ ወጪ ከቤተሰቡ አቅም በላይ ነው። ብዙዎች አስቀድመው ወደ ባህል ሐኪም ወይም ወደ ጠበል ይሄዳሉ። ከመካከላችን ጠበል መሄድን የሚከለክል የለም፤ የሚያሳዝነን ክትባቱ ሊሠራ የሚችልባቸው ቀናት በዚያ መሃል ማለፋቸው ነው።

ከተሞቻችን ለረጅም ዘመን የለመዱት መፍትሔ ስትሪክኒን የተባለውን መርዝ በሥጋ ላይ አድርጎ ሌሊት መበተን ነው። መርዙ ውሻውን እያንዘፈዘፈ ይገድለዋል፤ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ሬሳውን እየተሻገሩ ያልፋሉ፤ ሬሳውን የበላ ጅብና ጥንብ አንሳም ተከትሎ ይሞታል። የቤት ጠባቂውንና ባለቤት የሌለውን፣ የተከተበውንና ያልተከተበውን አይለይም። ጭካኔውን ለጊዜው ብንተወው እንኳ ሥራው ራሱ ውጤት የለውም፤ ምክንያቱም ውሻን ወደ ከተማ የሚስበው የሉካንዳው ትርፍራፊና የቆሻሻው ክምር ነው፤ ያ እስካልተነሣ ድረስ በሞቱት ፈንታ ከየገጠሩ የመጡ፣ ክትባት የሚባል ነገር ያላገኙ ሌሎች ውሾች ቦታውን ይይዛሉ። በዚህ አጋጣሚ የሥጋ ቤት ባለቤቶች አጥንትና ትርፍራፊውን ክዳን ባለው በርሜል እንድታስቀምጡልን እንለምናለን፤ ይህ ገንዘብ የማያስወጣ ትልቅ ድጋፍ ነው።

በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች ቢያንስ 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ሰንሰለት እንደሚበጠስ ባለሙያዎች ይስማማሉ። ታዲያ ማምከኑ ለምን አስፈለገ የምትሉን አላችሁ። አንዲት ውሻ 63 ቀን ገደማ አርግዛ አምስት ስድስት ቡችላ ትወልዳለች፤ በዓመትም ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ዘንድሮ በብዙ ድካም 70 በመቶ ያደረስነው ሽፋን፣ የተከተቡት አንዳንዶቹ ሲሞቱና ያልተከተቡ ቡችሎች ሲፈለፈሉ፣ በቀጣዩ ዓመት ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ልደቱ ካልቀነሰ ክትባቱ በወንፊት ውሃ መቅዳት ይሆናል። በተጨማሪም ሴት ውሻ አውራ በምትፈልግበት ወቅት ከየአቅጣጫው የሚሰበሰቡት ወንዶች እርስ በርስ ይነካከሳሉ፤ በሽታው የሚዛመተውና መንገደኛም የሚነከሰው በዚያን ጊዜ ነው።

ማኮላሸት ለገበሬ አዲስ ነገር አይደለም፤ ወይፈኑን አኮላሽቶ ለሞፈርና ቀንበር ያበቃው እርሱ ነው። የሴት ውሻ ማምከን ግን ሆድ ተከፍቶ ማህፀንና የእንቁላል ማመንጫው የሚወጣበት ቀዶ ሕክምና ስለሆነ የእንስሳት ሐኪም፣ ማደንዘዣ፣ የተቀቀለ መሣሪያና ንጹሕ ክፍል ይፈልጋል። ውድ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ቢሆንም ገንዘባችን ውስን ከሆነ ቅድሚያ የምንሰጠው ለሴቶቹ ነው፤ አንድ ያልተኮላሸ ወንድ ከቀረ ብዙ ሴቶችን ማስረገዝ ይችላልና።

ደባርቅ እንደ ማንኛውም ከተማ አይደለችም፤ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት። ፓርኩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ካስከበሩት እንስሳት አንዱ ቀይ ቀበሮ ነው። በመላው ዓለም ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ይህ እንስሳ በቁጥር ወደ 500 ገደማ ብቻ የቀረ ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በባሌ ተራሮች ይኖራል፤ በእኛ ተራሮች ያለው በጥቂት አሥሮች የሚቆጠር ነው። በባሌ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ቀጥሎም በ2003 እና በ2008 የእብድ ውሻ በሽታ፣ በ2010 ደግሞ ዲስቴምፐር የተባለው የውሾች በሽታ ገብቶ መንጋዎቹን ክፉኛ ጎድቷቸዋል። በሽታው የመጣው ከእረኞች ውሾችና ከመንደር ውሾች ነው። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይላል የሀገራችን ሰው፤ እዚህ ግን ውሻ በቀደደው የሚገባው በዓይን የማይታይ ነገር ነው። በባሌ ዌብ ሸለቆ የመንደር ውሾች ከቀይ ቀበሮ ጋር ተዳቅለው መገኘታቸውም ተመዝግቧል፤ ይህንንም የሚከላከለው ማምከን ነው። ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ እንግዳ ይዛችሁ የምትወጡ አስጎብኚዎች፣ በቅሎ ነጂዎችና የሆቴል ባለቤቶች እንጀራችሁ ከዚህ እንስሳ ጋር የተሳሰረ መሆኑን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ።

የብዙ ሰው ድጋፍ የሚያስፈልገን፣ ገንዘብም የማይተካው፣ የማስጠጋቱ ሥራ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ሌሊቱ ብርዳም ነው፤ ማደንዘዣ የወሰደ እንስሳ ደግሞ የሰውነቱ ሙቀት ስለሚወርድ በዚያው ሌሊት ደጅ ከተጣለ በቁስሉ ሳይሆን በብርዱ ይሞታል። በመጀመሪያ ሙከራችን ይህን ባለማወቃችን አንዲት ውሻ አጥተናል፤ ጥፋቱም የእኛው ነው። ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ውሻ ሁሉ ቢያንስ አምስት ሌሊት ከብርድና ከጅብ ተጠብቃ ታድራለች። ውሻን ወደ ቤት አስገቡ አንልም፤ በቤተ ክርስቲያን ሰውም ሆነ በሙስሊሙ ወገናችን ዘንድ ውሻ ከቤት ውጭ መኖሩ የኖረ ሥርዓት ነው፤ ይህን ልናስለውጥ አልተነሣንም። የበረት ጥግ፣ የማገዶ ቤት ወይም የተከደነ አጥር ሥር፣ ከታች የገብስ ገለባ፣ ከላይ ያረጀ ባና ወይም ጋቢ ከተገኘ ይበቃል። አስጠጊው ጠዋትና ማታ ስፌቱን ማየት፣ ውሻዋ እንዳትልሰው መከልከልና እብጠት ወይም መግል ካየ ለእኛ መንገር ነው ሥራው። ቡችሎችን የሚያስጠጋ ሰው ግን ትዕግሥቱ ረዘም ማለት አለበት፤ ከስምንት ሳምንት በታች የሆነ ቡችላ ከእናቱ ባይለይ ይመረጣል፤ እናቱ ከሞተችበትም በየጥቂት ሰዓቱ መመገብን ይጠይቃል። ይህን ሥራ እስካሁን በብዛት የተሸከሙት አሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ልጃገረዶች መሆናቸውን በምስጋና እንገልጻለን።

በመጀመሪያው ዙር 300 ውሾችን ለማስከተብና 60 ሴት ውሾችን ለማምከን አቅደናል። ለዚህ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገን ማቀዝቀዣ ነው፤ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት ስላለበትና መብራት ስለሚቆራረጥ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ቢሆን እንመርጣለን። ከዚያም የክትባት መያዣ ሳጥኖች፣ መርፌና ሲሪንጅ፣ ማደንዘዣ፣ የቀዶ ሕክምና ክር፣ ጓንት፣ ውሾች የሚጓጓዙባቸው የብረት ሳጥኖች፣ ለተከተቡት የሚታሰር ቀለማም የአንገት ማሰሪያ፣ እንዲሁም የሐኪሞቹ አበልና ማደሪያ አለ። ውሾቹን ለሚይዙ በጎ ፈቃደኞች አስቀድሞ የሚሰጠው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት በዕቅዳችን ውስጥ የማይታለፍ ወጪ ነው፤ ያለ እርሱ ማንንም አናሰማራም። በውጭ ሀገር በእንስሳት ሕክምና ሙያ ያላችሁ ወገኖቻችን ለዕረፍት ስትመጡ ሁለት ሦስት ቀን ብትሰጡን፣ ከብዙ ገንዘብ በላይ እንቆጥረዋለን።

ገንዘብ በግለሰብ እጅ አንቀበልም። መዋጮው የሚገባው በሦስት ሰዎች ፊርማ ብቻ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ ነው፤ ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይሰጣል፤ ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ በየእድሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል። የእድር ዳኞች በስብሰባችሁ መጨረሻ ለዚህ ጉዳይ አሥር ደቂቃ እንድትሰጡን ጥያቄ አቅርበናል፤ የሂሳቡን ቁጥርም ከእነርሱ ታገኛላችሁ። ከተገኘው የተረፈ ቢኖር ለሚቀጥለው ዓመት ክትባት ይቀመጣል፤ ካልበቃን ደግሞ የሚቀነሰው የሚመክኑት ውሾች ቁጥር ነው እንጂ የሚከተቡት አይደለም።

ዘመቻው የሚከፈተው መስከረም 18 ቀን፣ በመስቀል ማግስት ነው። ዕለቱ የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት የሠራው ሉዊ ፓስተር ያረፈበት በመሆኑ በዓለም ዙሪያ ስለ በሽታው የሚታሰብበት ቀን ነው። አስጠጊ ለመሆን የምትፈልጉ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ በየእድራችሁ ተመዝገቡ። ውሻችሁን ለክትባት ብቻ የምታመጡ ከሆነ በገመድ አስራችሁ፣ የሚታዘዝለት አዋቂ ሰው ይዞት ይምጣ፤ ልጆችን አትላኩ። ለቀዶ ሕክምና የምትመጣ ጎልማሳ ውሻ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምግብ እንዳትቀምስ፤ ውሃ ግን አትከልክሏት።