ለ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ስለ ሎሚ ዛፋችን ትሎች

ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ልጆቻችሁ «ትምህርት ቤት ትል እያሳደግን ነው» ሲሏችሁ ግራ የተጋባችሁ ጥቂት አይደላችሁም። ደውላችሁ የጠየቃችሁኝም አላችሁ። ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ።

በግቢያችን ያሉት ሁለት የሎሚ ዛፎች ቅጠላቸው እየተበላ ነበር። አትክልተኛችን ፀረ ተባይ ሊረጭ ሲሰናዳ አንዲት ተማሪ «የወፍ ኩስ ተንቀሳቀሰ!» ብላ ጮኸች። ሄጄ አየሁ። ጠቆር ያለ፣ ወገቡ ላይ ነጭ ጣል ያለበት፣ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ትል ነው። ቅጠል ላይ የወደቀ ኩስ እንጂ ነፍስ ያለው ፍጥረት አይመስልም፤ ወፎችም አይተው የሚያልፉት ለዚሁ ነው። ርጭቱን አስቆምኩት።

ይህ ትል አድጎ የሎሚ ቢራቢሮ ይሆናል፤ ክንፏ ሲዘረጋ ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ፣ በጥቁር መደብ ላይ ቢጫ የተረጨባት፣ ብዙዎቻችሁ በየአጥሩ ያያችኋት ናት። ዘሯ ባለ ጅራት ቢራቢሮዎች ከሚባሉት ነው፤ እሷ ግን ጅራት የላትም። ልጆቹ «ታዲያ ጅራቷ የታለ?» ብለው መምህራቸውን አፋጠዋል፤ ጥያቄያቸውም ትክክል ነው። በጫካዎቻችን የሚበርረው፣ ክንፉ የቅቤ ቀለም ያለው ዘመዷ ግን እውነተኛ ጅራት አለው።

እናቲቱ ቅጠል የምትቀምሰው በእግሯ ነው። በፊት እግሮቿ መታ መታ እያደረገች ሎሚ ወይም ብርቱካን መሆኑን ስታረጋግጥ፣ የስፒል ራስ የሚያህል ቢጫማ እንቁላል አንድ አንድ እያደረገች ትጥላለች። ቡና ላይ ጣል የምናደርገው ጤና አዳምም የሎሚ ዘመድ ነው፤ ልጆቹ የሁለቱን ቅጠል በመዳፋቸው አሽተው እያሸተቱ ሲያነጻጽሩ ብታዩ ደስ ይላችሁ ነበር።

ትሉ አራት ጊዜ ቆዳውን ይገፍፋል፤ በመጨረሻ አረንጓዴ ሆኖ ጣት ያህላል። ሲነካ ከራሱ ጀርባ ብርቱካንማ መንታ ቀንድ ብቅ ያደርግና ኃይለኛ ሽታ ይለቃል። «ይነድፋል ወይ?» ላላችሁኝ፣ አይነድፍም። እንደ አባጨጓሬ የሚያሳክክ ፀጉር የለውም፤ ሽታውም ልጅ አይጎዳም። ቢሆንም ልጆቹ በእጃቸው እንዳይነኩት፣ ከነቅጠሉ እንዲያነሱት አስተምረናል።

አሁን ስድስት ትሎች የአጎበር ቁራጭ በተሸፈነ ካርቶን ውስጥ አሉ። የሎሚው ቅርንጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይቆማል፤ ትሉ ወርዶ እንዳይሰጥም የጠርሙሱ አፍ በጥጥ ይደፈናል። ይህን ዘዴ ያወቅነው አንዱን በውኃ ካጣን በኋላ ነው፤ ልጆቹ በጣም አዝነው ነበር።

ከእናንተ የምንፈልገው ቅጠል ነው። ቤታችሁ የሎሚ ወይም የብርቱካን ዛፍ ካለ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ እፍኝ ላኩልን፤ መድኃኒት የተረጨ ከሆነ ግን አደራ፣ አትላኩ። በዛፋችሁ ላይ ትል ብታገኙም ለመግደል አትቸኩሉ። ገና ችግኝ ከሆነ ቅጠሉን ሊያራቁተው ስለሚችል ከነቅጠሉ ቆርጣችሁ ለልጃችሁ ስጡት፤ ትልቅ ዛፍ ግን ጥቂት ትሎችን ይችላቸዋል።

ሁለቱ ትሎች ሰኞ ዕለት መብላት አቁመው፣ ወገባቸውን በቀጭን የሐር ክር ከግንዱ ጋር አስረው ፑፓ ሆነዋል፤ ፑፓ ማለት ትሉ በሽፋን ውስጥ ሆኖ ወደ ቢራቢሮ የሚለወጥበት ደረጃ ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣሉ ብለን እንጠብቃለን። ቢራቢሮዋ ስትወጣ ክንፏ እርጥብና የተጨማደደ ነው፤ ተንጠልጥላ ፈሳሽ እየገፋችበት ቀስ ብላ ትዘረጋዋለች። በዚያ ሰዓት ልርዳት ብሎ የነካ ልጅ ለዕድሜ ልኳ ሊያሽመደምዳት ይችላል፤ ስለዚህ ቤትም ቢያጋጥማችሁ እንዲታገሡ ንገሯቸው።

ብዙውን ጊዜ የሚወጡት ጠዋት ነው። ልጃችሁን ስታደርሱ ጥቂት ደቂቃ ካላችሁ ወደ 3ኛ ክፍል ጎራ በሉ፤ በሩ ክፍት ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር