ለስፖንሰር የሚሸጠውና የማይሸጠው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር (ኮዱን ማንም በነጻ ወስዶ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው ስለሚችል ፕሮግራም) ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስፖንሰሮች በምላሹ የሚያገኙት ነገር ካልተዘጋጀላቸው አይከፍሉም ይላል። እውነት ነው። ግን ምን ይዘጋጅላቸው? እዚያ ላይ ሳይደርስ አለቀ። እኔ በዚህ ጉዳይ አንዴ ክፉኛ ተሳስቻለሁ፤ እሱን ልጻፍላችሁ።

ሥራዬ የወንዝ ፍሰት መረጃ መተንተን ነው። ወንዝ ውስጥ የሚተከል የውሃ ከፍታ መለኪያ አለ። ደለል ሲሞላው ወይም ቅጠል ሲጠመጠምበት አንድ ቁጥር ላይ ችክ ይላል። ሰዓታት ያልፋሉ፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት እንዲህ ያለውን የማይታመን ቁጥር የሚለቅም ትንሽ ፕሮግራም ለራሴ ጻፍኩ። የሥራ ባልደረባዬ ወሰደው፣ እሱ ለሌላ ሰጠው፣ በኋላ እኔም ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩት። ዛሬ አራት ሺህ መስመር ኮድ ደርሷል። የማላውቃቸው ሰዎች በእኩለ ሌሊት ይጽፉልኛል፤ ግማሾቹ «አስቸኳይ» ብለው ነው የሚጀምሩት።

ይህ የእኔ ብቻ ጣጣ አይደለም። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ቁጥር የሚያሰላ ሳይንቲስት ናምፓይን፣ ማለትም የስሌት ሥራ የሚያቀለውን ክፍት ምንጭ ፕሮግራም፣ ሳይነካ አይውልም። የናምፓይ የመጀመሪያ እትም እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። ለእሱ ተብሎ የተመደበ ገንዘብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው ግን በ2017 ነው፤ የአሜሪካው በጎ አድራጎት ድርጅት ሙር ፋውንዴሽን ለበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ 645 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሰጥ። እስከዚያ በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ነው የኖረው። በ2019 የብላክ ሆል (ብርሃን እንኳ የማያመልጠው የሕዋ አካል) የመጀመሪያው ምስል ሲወጣ ዓለም ሁሉ አጨበጨበ። ከምስሉ ጀርባ ከነበሩት ፕሮግራሞች አንዱ ይኸው ናምፓይ ነው።

የእኔን ሚጢጢ ፕሮግራም ግን የትኛውም ፋውንዴሽን ዞር ብሎ አያየውም። ስለዚህ መጀመሪያ «ብትደግፉኝ አመሰግናለሁ» የሚል አንድ መስመር ገጹ ላይ ጻፍኩ። ብዙ ምስጋና መጣ፤ ገንዘቡ ግን የለም በሉት። ከዚያ ማበረታቻ አዘጋጀሁ። የስፖንሰሩ ዓርማ ገጹ ላይ ይወጣል። ጥያቄው በሁለት ቀን ውስጥ ይመለስለታል። ዋናው ደግሞ፣ አዲስ ሥራ ሁሉ ከሌላው ሰው ስልሳ ቀን ቀድሞ ይደርሰዋል። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ ብዙዎች ይሠሩበታል። አራት ተቋማት ገቡ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ከዚያ የፌብሩዋሪ 29 ነገር መጣ።

የጎደለ መረጃ የሚሞላ አዲስ ክፍል እየጻፍኩ ነበር። በመሃል የድሮው ኮዴ የፌብሩዋሪ 29ን ልኬት ጥሎ የማርች 1ን በቦታው እንደሚያስገባ አየሁ። በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣ ቀን ናትና ማንም ልብ አላላትም። ከእሷ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ ግን በአንድ ቀን ወደኋላ ይንሸራተታል። የወር አማካይ ለሚፈልግ ሰው ልዩነቱ ኢምንት ነው። ጎርፍ ለሚያጠና ግን ጉድ ነው፤ ዝናቡ ዛሬ ወርዶ ወንዙ ትናንት የሞላ ይመስላል።

እርማቱ ሦስት መስመር ብቻ ነው። ሆኖም ከአዲሱ ክፍል ጋር ተጠላልፏል፤ አዲሱ ክፍል ደግሞ ለስፖንሰሮች የተያዘ ነው፣ ስልሳ ቀኑ ገና አልሞላም። ነጥዬ ለሁሉም ልለቀው ነው ብዬ ስጽፍላቸው አንዱ ስፖንሰር ተቃወመ። ቀድመን ለማግኘት ነው የከፈልነው አለ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ውሉ የሚለው እንደዚያ ነው፤ ውሉን የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ሦስት ሳምንት አመነታሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ከአንዲት የማስተርስ ተማሪ ኢሜይል ደረሰኝ። የመመረቂያ ጽሑፏን አስረክባለች። መምህሯ ይህ ወንዝ ዝናብ ሳይመጣ እንዴት ሞላ ብሎ ጠይቋት የምትመልሰው አጥታለች። የምትጠይቀኝ በትህትና ነው፣ ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት እያለች። እኔ እኮ መልሱን ሦስት ሳምንት ሙሉ ኮምፒውተሬ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ማታውኑ እርማቱን ለሁሉም ለቀቅኩት። ለእሷ የጻፍኩትን መልስ ግን አራት ጊዜ ሰርዤ ነው የላክሁት።

ከዚያ ወዲህ አቋሜ አንድ ነው። ስህተት ማረም ለስፖንሰር ተብሎ አንድ ቀን እንኳ አይያዝም። የፎቶ ማሳመሪያ ፕሮግራም ላይ አዲስ ነገር ቢዘገይ ዘገየ ነው፣ ማንም አይጎዳም። ሳይንስ ውስጥ ግን አንዱ ያሰላውን ሌላው በዚያው ፕሮግራም ደግሞ ማስላት መቻል አለበት። ተመራማሪው በከፋዮች እትም ሠርቶ ጥናቱን ቢልክና ገምጋሚው እትሙ ባይኖረው፣ የሚገመግመው ምኑን ነው? ስለዚህ አዲስ ስሌትም ቢሆን ቀድሞ መስጠቱን ትቼዋለሁ።

ታዲያ ምን ይሸጣል? ዞቴሮን ብዙ አንባቢ ያውቀዋል፤ የጥናት ማጣቀሻ የሚሰበስበው ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተጀመረ። ፕሮግራሙ ነጻ ነው። ፋይል ማስቀመጫው 300 ሜጋባይት ድረስ ነጻ ሲሆን ከዚያ በላይ የፈለገ በዓመት ይከፍላል። የከፈለውም ያልከፈለውም የሚወጣለት ማጣቀሻ አንድ ነው። የተሸጠው ምቾት ነው፤ የውጤቱ ትክክለኛነት አልተነካም።

እኔ የማስቀምጠው ፋይል የለኝም። ለእኔ መፍትሔው የመጣው ካላሰብኩት ቦታ ነው፤ ከሒሳብ ክፍል።

አንዱ ተቋም ውስጥ ያሉት ተመራማሪዎች ሊከፍሉኝ ስድስት ወር ለፉ። ገንዘቡ አለ፣ ፈቃዱም አለ። ነገር ግን የሒሳብ ሹሙ «ድጋፍ» የሚል የበጀት መደብ የለኝም አሉ። ስጦታ ልስጥ ቢሉ ኦዲተር ይጠይቃቸዋል። አገልግሎት ልግዛ ቢሉ ግን ማንም አይጠይቃቸውም። ስለዚህ የግማሽ ቀን የኦንላይን ሥልጠና አዘጋጅቼ ፕሮፎርማ ላክሁላቸው። በአስር ቀን ተከፈለ! ሰዎቹም ገንዘቡም ያው ነው፤ የተለወጠው የወረቀቱ ርዕስ ነው። (ሥልጠናው ላይ ሦስት ሰው ብቻ ነው የተገኘው፤ አንዱ ካሜራውን አጥፍቶ ነበር።)

እኛ ማበረታቻ ስናስብ ተጠቃሚውን ምን ያስደስተው እንላለን። ተጠቃሚው እኮ ፕሮግራሙን በእጁ ይዞታል፣ ከወደደውም ቆይቷል። ማበረታቻው የሚያስፈልገው ቼክ ላይ ለሚፈርመው ሰው ነው። እሱ የሚፈልገው ደግሞ ፋይል ውስጥ የሚያስገባው ደረሰኝና «ምን ገዛህ?» ሲባል የሚመልሰው አንድ ቃል ነው። ሥልጠና፣ ፈጣን ምላሽ፣ ፕሮግራሙን በእነሱ ማሽን ላይ መጫን፣ እነዚህ ሁሉ ያስኬዳሉ።

ይህ ዋጋ አያስከፍለኝም አልልም። የሸጥኩት ሰዓቴን ነው፤ በወር ሁለት ሙሉ ቀን ለተቋማቱ ይሄዳል። ኮድ መጻፊያዬ ያን ያህል ቀንሷል። ጂኤንዩ ፓራለል የሚባለው፣ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው ነጻ ፕሮግራም ባለቤት በሌላ መንገድ ሄዷል፦ በጥናታችሁ ውስጥ ጥቀሱኝ፣ መጥቀስ የማትፈልጉ 10,000 ዩሮ ክፈሉ ይላል። ብዙ ሰው ተናዶበታል። እኔ ግን ሰውየውን እረዳዋለሁ፤ ለተመራማሪ መጠቀስም ደመወዝ ነው።

ያ የተቃወመኝ ስፖንሰር ዘንድሮ ውሉን አላደሰም። ሦስቱ አድሰዋል። ተማሪዋም ስሌቷን በአዲሱ እትም ደግማ ጽሑፏን አስተካክላ መልሳለች። ትናንት ደግሞ አንደኛው ሒሳብ ክፍል ፕሮፎርማዬን መለሰው። ቀኑ ተሳስቷል ይላል። አሁን አስተካክዬ ልልክላቸው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የወንዝ ፍሰት መረጃ ተንታኝ