ልጄ ቤት ተማረች እንጂ አላቋረጠችም፦ ለአንድ የትምህርት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስምዎንም የመሥሪያ ቤትዎንም ስም አልጽፍም። እርስዎ ራስዎን ያውቃሉ፤ ጸሐፊዎ ደግሞ እኔን በደንብ ታውቀኛለች። «ዛሬም መጡ እንዴ እትዬ?» እስክትለኝ ድረስ ተላምደናል። ሦስት ማመልከቻ ያስገባሁት ሴትዮ ነኝ። ሦስቱም ገቢ ቁጥር አላቸው። አንደኛው «ለሚመለከተው ይመራ» ተብሎበት ሄደ። ሁለተኛው የሚመለከተውን ፍለጋ እንደወጣ ቀረ። ሦስተኛው መዝገብ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ይህ አራተኛው ነው። ለመዝገብ ቤት ግን አልሰጠውም።

ጉዳዩን እርስዎ ያውቁታል። ሌላው አንባቢ አያውቀውምና ባጭሩ ልናገር።

ጥቅምት 2017 ነው። ልጄ 12ኛ ክፍል ጀምራለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተሳፈረችበት ባጃጅ ዝናብ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ተገለበጠ። (የጅማ መንገድና የጅማ ዝናብ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋሉ፤ ዛሬ አልነካቸውም።) የጭኗ አጥንት ተሰበረ። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፣ ብረት ገባላት። ሐኪሙ ለሦስት ወር ከቤት እንዳትወጣ ጽፎ ማኅተም መታበት። ወረቀቱን ይዤ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። «ችግር የለም፣ ዋናው ጤናዋ ነው፣ ቤት እያነበበች ትቆይ» አሉኝ። በቃል ነው ያሉኝ። በጽሑፍ አለመቀበሌ የኔ ጥፋት ነው፤ እሱን አምናለሁ።

ሦስት ወሩ አለቀ። ሐኪሙ «ትማር፣ ደረጃ ግን አትውጣ» አለ። ክፍሏ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምድር ላይ ካሉት ክፍሎች በአንዱ ይቀየርላት ብዬ ለመንኩ። «ለአንድ ልጅ ብለን ክፍል ሙሉ ተማሪ አናዛውርም» ተባልኩ። ስለዚህ ቤት ቀጠለች። እርስዎ «ያቋረጠች» የሚሏት ልጅ ይቺ ናት።

እንዴት እንዳቋረጠች ልንገርዎት እንግዲህ።

ቤታችን ጅማ፣ ሂርማታ ሰፈር ነው። እኔ ገበያ ውስጥ የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። ሱቅ ከመክፈቴ በፊት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ሒሳብ ነው። ምሳ ሰዓት ቤት ደርሼ የሠራችውን አያለሁ። ማታ ፊዚክስና ኬሚስትሪ። ሐሙስ ገበያ ስለሆነ እኔ የለሁም፤ ሐሙስ ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ናት፣ ብቻዋን። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ እጃችን አልገባም። ከቴሌግራም ፒዲኤፍ አውርደን፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትመን አስጠረዝነው። ክፍል የሚገቡት ጓደኞቿም የሚያነቡት ያንኑ ፒዲኤፍ ነው፣ ያውም በስልክ። የኛው ይሻላል፣ ቢያንስ ይገለጣል።

እኔ ማትሪክ የወሰድኩት በ1990 ነው። ፊዚክስ ዲ ነበረኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሌንስ አስቤ አላውቅም። የምናባዊ ምስል ርቀት ኔጌቲቭ እንደሆነ ረስቼ ሳምንት ሙሉ በስህተት አስተማርኳት። ያረመችኝ እሷ ናት። «እማ፣ አንቺ እንደምትዪው ከሆነማ ይቺ አጉሊ መነጽር ምንም አታጎላም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ከአቅሜ በላይ ሲሆንብኝ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ አንድ የኢንጂነሪንግ ተማሪ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣላት ጀመር። በብር ነው የተስማማነው፤ ልጁ ግን ከብሩ ይልቅ ሽሮዬን የሚወድ ይመስለኛል። ካልኩለስን ያስረዳት እሱ ነው። ካልኩለስ ላይ የኔ ድርሻ ቡና ማፍላት ነበር።

ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቤት ውስጥ መደማመጥ አይቻልም። እሷ አልጋ ላይ፣ እኔ ዱካ ላይ ሆነን ደብተር እየተቀባበልን እንጻጻፍ ነበር። ደብተሩ ዛሬም አለ። እሷ «የዚህ ሞል ስንት ነው?» ብላለች። ከሥሩ እኔ «አላውቅም፣ ነገ እሱን ጠይቂው»። ከሥሩ እሷ «እሺ። እራት ምንድን ነው?»። እንዲህ ያለ አራት ደብተር ሞልቷል። ሁሉም ገጽ ቀን አለው፤ ቀን መጻፍ ያስለመዷት አስተማሪዎቿ ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው። በስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» የተባለችባቸውን ቀኖች ከደብተሩ ጋር ማመሳከር ይቻላል። ደብተሮቹን ሁለት ጊዜ ቢሮዎ ይዤ መጥቻለሁ። የገለጣቸው ሰው የለም።

የፈተና ምዝገባ ሲደርስ ስሟ የለም። ትምህርት ቤቱ «ቀሪ ስላበዛች አቋርጣለች ብለን ሪፖርት አድርገናል፣ ላይ ጠይቂ» አለኝ። ላይ ማለት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ዘንድ ስመጣ «ከታች ካልተላከ ሲስተም ላይ አይገባም» ተባለ። አንድ ሠራተኛዎ ኮምፒውተሩን እያየ የጠየቀኝን አልረሳውም።

«መደበኛ ናት?»

«ነበረች።»

«የማታ ናት?»

«አይደለችም።»

«የግል ተፈታኝ ናት?»

«አይደለችም።»

«ታዲያ ምንድን ናት?»

«ልጄ ናት» አልኩት። ሌላ የማውቀው መልስ አልነበረኝም። «በቤት የተማረ የሚባል ነገር የለንም» ብሎ ወደሚቀጥለው ባለጉዳይ ዞረ።

አሁን ቢሮዎ ወደመጣሁበት ስድስተኛው ቀን ልምጣ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ እሱ ነው።

እርስዎ «ልጅቷን ራሷን ላያት» ስላሉ ይዣት መጣሁ። ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። በ2001 የወጣው የሕንጻ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንጻ ለአካል ጉዳተኞች እንዲመች ያዛል። «ለቀባሪው አረዱት» እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ሕግ ሕግ እያሉ የሚመልሱኝ እርስዎ ነዎት። ደረጃ አትውጣ የተባለች ልጅ፣ ደረጃ ስላልወጣች ከፈተና የቀረች ልጅ፣ ይህንን ለማስረዳት ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጣች። መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አረፈች። ጥበቃው ከታች ሮጦ መጥቶ አንዱን ክራንች ያዘላት። ቦርሳዋን እኔ ያዝኩ። ደብተሮቹ ቦርሳው ውስጥ ነበሩ።

ገባን። ተቀመጪ አላሏትም። ከወረቀትዎ ቀና ብለው ክራንቹን አዩ፤ ፊቷን አላዩም። ያሉትን ቃል በቃል ልጻፈው፦ «ፈተናው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ዶርም አለ፣ ሰልፍ አለ፣ ፍተሻ አለ። አንቺ በዚህ ዱላ ምን ልትሆኚ ነው? ለመውደቅ ይህን ያህል ምን አስቸኮለሽ?»

ልጄ «ዱላ አይደለም፣ ክራንች ነው» አለችዎ። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ደረጃውን ስንወርድም፣ ባጃጅ ውስጥም፣ ቤት ገብተንም አልተናገረችም። ያን ማታ ደብተር አልተገለጠም። ከአደጋው ወዲህ፣ ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ፣ ሳትማር የዋለችበት ቀን ቢኖር እሱ ነው። ቀሪ ማድረግ ካለብዎት ያንን ቀን ያድርጉባት።

«ለመውደቅ» ካሉ አይቀር ስለ መውደቅም እናውራ። በ2014 ብሔራዊ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲገባ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ነበሩ። በ2015 3.2። በ2016 5.4። በ2017፣ ልጄ እንዳትቀመጥ በተደረገበት ዓመት፣ 8.4። ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት ግማሹን አላመጡም። እነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ክፍል ነበሩ። ስማቸው ሲጠራ «አቤት» ብለዋል። ሲስተም ላይ አሉ። እኔ በእነሱ ላይ አልፈርድም፤ የጎረቤቴ ልጆች ናቸው፣ እንዴት እንደሚማሩ አያለሁ። ግን ወንበር ላይ መቀመጥ የመማር ማስረጃ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ደግሞ አፕቲትዩድ የሚባል፣ የማመዛዘን ችሎታ የሚለካ ፈተና አለ። ከስድስቱ አንዱ ነው፣ ከ100 ይታሰባል። የአፕቲትዩድ ክፍለ ጊዜ የሚባል ነገር ልጄ በነበረችበት ትምህርት ቤት የለም። አገሩ ሁሉ ለሱ የሚያጠናው ቤቱ ነው። በእሱ ቀሪ የሚይዘው ማን ይሆን?

«በቤት የተማረ የለንም» የሚለው ነገርም ይገርመኛል። መጋቢት 2012 ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ «ልጆቻችሁን ቤት አስተምሩ» ያላችሁን እናንተ አይደላችሁም? በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተከታተሉ አልተባልንም? የዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ልጆች ፈተና ወደ 2013 ተሻግሮ ተሰጣቸው። ለወራት ክፍል ስላልገቡ አቋርጣችኋል የተባለ ልጅ አልሰማሁም። ያኔ የኔ ሳሎን ትምህርት ቤት ነበር። ዘንድሮ ምን ጎደለው? በሽታው የአንድ ልጅ ብቻ ስለሆነ ነው?

ጓደኞቿ ሻንጣ ይዘው ለፈተና ሲገቡ፣ እኔ ሱቄን ዘጋሁ። የ2016ን ፈተና ወረቀት አሳተምኩ። ጠረጴዛውን ከግድግዳ አራቅኩ፣ ስልኳን ተቀበልኩ። ፈተሽኳትም፤ እርስዎ ያሉት ፍተሻ እንዳይቀርባት ብዬ። ሰዓት ያዝኩላት። ያረመው የዩኒቨርሲቲው ልጅ ነው፣ በቀይ እስክሪብቶ። እንግሊዝኛ 68፣ ባዮሎጂ 66፣ አፕቲትዩድ 61፣ ኬሚስትሪ 59፣ ፊዚክስ 57። ሒሳብ 43፤ አልዋሽዎትም፣ ሒሳብ ግማሽ አልሞላላትም። በድምሩ ከ600 354። ይህ ውጤት የትም እንደማይመዘገብ አውቃለሁ። የኩሽናዬ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አሁን 2018 ነው። እግሯ ድኗል፣ ትንሽ ታነክሳለች። «ድጋሚ ትመዝገብ» ተባለና ደስ ብሎን ሄድን። ፎርም ሰጡን። ሦስተኛው መስመር «ያቋረጠችበት ምክንያት» ይላል። መጨረሻው ላይ የተማሪዋ ፊርማ። ልጄ አነበበችውና እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «አላቋረጥኩም፣ አልፈርምም» አለች። ሠራተኛዋ «የኔ ቆንጆ፣ ፎርም እኮ ነው፣ ምን አለበት?» አለቻት። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፈርመሽ ገላግዪን ልላት። ከዚያ አራቱ ደብተሮች ትዝ አሉኝ። ዝም አልኩ። ፎርሙ ሳይፈረም ቦርሳዬ ውስጥ አለ። እሷም ሳትመዘገብ ቤት አለች፣ ሒሳብ እየሠራች።

ከእርስዎ የምፈልገው ረጅም ነገር አይደለም። «ያቋረጠች» የሚለው ይሰረዝና «በሕመም ምክንያት በቤቷ የተማረች» ተብሎ ይጻፍ። አንድ መስመር ነው፣ ማኅተሙ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው። መደበኛ ትባል፣ የማታ ትባል፣ የግል ትባል፣ ለኔ ግድ የለኝም፤ ዘንድሮ ትፈተን። ክፍሏም ምድር ላይ ይሁን። አንድ ነገር ደግሞ ረስቼ፦ «ዱላ» ስላሏት ይቅርታ ይጠይቋት። ይህኛው በማመልከቻ አይጠየቅም፣ ገቢ ቁጥርም የለውም።

ሰኞ ጠዋት 2፡30 እንመጣለን። እሷም አብራኝ ትመጣለች። አሁን ያለ ክራንች ነው የምትሄደው፤ ሦስት ፎቅ ግን ጊዜ ይወስድባታል። «ስብሰባ ገብተዋል» እንዳንባል፣ እስክትደርስ ይጠብቁን።

አንዲት እናት
ከሂርማታ፣ ጅማ
ጥቅምት 2018