አኩርፈሽም ቢሆን አንብቢው

ድሬዳዋ፣ መጋቢት 3 ቀን 2012

ሚጣዬ እንዴት ነሽ አቦ፣ ልጆቹስ፣ የባልሽ ጨጓራስ ተሻለው? መደወል እየቻልኩ ለምን እንደምጽፍልሽ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ብደውል "ሃሎ" ትይና ዝም፣ እኔም ዝም፣ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ በቴሌግራም ረጅም አርጌ እየጻፍኩልሽ ነው፣ ባትመልሺልኝም ሁለቷ ምልክት ስትመጣ ማንበብሽን አውቃለሁ፣ ለጊዜው እሷም ትበቃኛለች።

መጀመሪያ የናትሽን ነገር ተናግሬ ልገላገል። (አዳማ ከገባሽ ወዲህ አንቱ ማለት ለምደሽ ይሆናል፣ እኔ ግን ያው ድሬ ነኝ፣ እናትሽን አንቺ እያልኩ ነው ያደግኩት አሁንም አልቀይርም።) ነሐሴ ላይ ስታርፍ ለቅሶ ያልመጣሁት ንቄሽ አይደለም፣ ችኩንጉንያ ሚሉት የትንኝ በሽታ ጥሎኝ ነው። ድሬ እንዴት እንደነበረች በዜና ሰምተሽ ይሆናል፣ በሺ ሚቆጠር ሰው ነው የታመመው፣ በኛ ሰፈር ያልገባበት ቤት አላውቅም። ትኩሳቱስ በሦስት በአራት ቀን ይወርዳል፣ መገጣጠሚያሽን ግን ይዞ ይቀራል። እኔ ቧንቧ ማዞር አቅቶኝ በሁለት አንጓዬ መሃል አጣብቄ ነበር ምከፍተው፣ ሽንት ቤት ግድግዳ ይዤ ነው ምሄደው፣ ደረጃውን ደግሞ ቁጭ ብዬ በመቀመጫዬ ነበር ምወርደው እንደ ሕፃን። ስሙ ራሱ ታንዛኒያና ሞዛምቢክ ድንበር ላይ ያሉት የማኮንዴ ሰዎች ቋንቋ ነው፣ መጉበጥ መጣመም ማለት ነው አሉ፣ ያወጣለት ሰው ይዞት መሆን አለበት።

ታዲያ ያመመኝ አንድ ወር፣ ዝም ያልኩሽ ሰባት ወር። እሱን ምን ብዬ እንደማስረዳሽ አላውቅም። መጀመሪያ ሲሻለኝ እደውላለሁ አልኩ፣ ሲሻለኝ አርባው ደርሶ ነበር፣ ለአርባው ካልሄድኩ በምን አፌ ደውዬ አልኩ፣ ከዛ በቃ በዘገየሁ ቁጥር ያሳፍረኝ ጀመር። ጥፋቱ የኔ ነው።

አሁን ደግሞ ምክር ፈልጌ መጣሁ፣ ፊት የለኝም አይደል? ግን አንቺ ፋርማሲ ውስጥ ስለምትውዪም፣ እማዬንም ስለምታውቂያት፣ ሌላ ምጠይቀው ሰው የለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ያለችው እህቴ ኅዳር ላይ ለእማዬ ክሩዝ ቡክ አረገችላት። ትልቅ መርከብ፣ ሰባት ሌሊት፣ ከፍሎሪዳ ተነስቶ ባሃማስ ምናምን አዙሮ እዛው ሚመልስ። እማዬ፣ እኔና እሷ፣ ሦስታችን አንድ ክፍል። ቀኑ ሚያዝያ 17 ቅዳሜ፣ ሆን ብላ ከፋሲካ በኋላ አረገችው እማዬ በጾም እዛ ሄዳ ድንች ብቻ እንዳትበላ። መጀመሪያ ስንነግራት "ሰባት ቀን ውሃ ላይ ሚሄዱት የት ሊደርሱ ነው?" አለች። የትም፣ ዞረው ይመለሳሉ አልናት። "ታዲያ ባቡር ላይ ተሳፍሮ ለገሃሬ እንደመውረድ አይደል እንዴ" ብላ ሳቀች፣ ከዛ ግን ነገሩ ሆዷ ገባ። ታስታውሺያለሽ አይደል፣ እማዬ በድሮው ባቡር ጅቡቲ እየተመላለሰች ስትነግድ ነው ያሳደገችን። ያን ሁሉ ዓመት ተመላልሳ አንድ ቀን እንኳ እግሯን ባሕር ውስጥ አልከተተችም፣ ዕቃዋን ጥሎ መሄድ ስለማይቻል ከሩቅ ነው ያየችው። አሁን እዚሁ ድሬ ታይዋን ሚባለው ገበያ ሄዳ ነጭ ሸራ ጫማ ገዝታ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር አስቀምጣለች፣ ማታ ማታ አውጥታ ታየዋለች፣ ሶሉን በጨርቅ ትጠርገዋለች ያልተረገጠበትን ጫማ።

እና ይሄ ኮሮና መጣ። መቼም ጥር መጨረሻ ላይ ጃፓን ዮኮሃማ የቆመውን ዳይመንድ ፕሪንሰስ ሚባለውን መርከብ አይተሻል። ከ3,700 በላይ ሰው ተሳፍሮበት ነበር፣ አንድ ሆንግ ኮንግ ላይ የወረደ የ80 ዓመት ሽማግሌ ነው ታሞ የተገኘው፣ ከዛ ተሳፋሪው ሁሉ ለሁለት ሳምንት ከክፍላችሁ እንዳትወጡ ተባለና ሲጨርሱ ወደ 700 ሰው ይዞት ተገኘ። ሌላም አለ፣ ዌስተርዳም ሚባለው፣ እሱ ላይ እንኳን በሽታ አልተገኘም ነበር ግን ጃፓንም ታይዋንም ፊሊፒንስም ታይላንድም አናስገባም ብለውት ባሕር ላይ ሲንከራተት ቆይቶ በመጨረሻ ካምቦዲያ ናት ግቡ ያለችው። ያው ደሃው ነው እንግዳ ሚቀበለው። ባለፈው ሰኞ ደግሞ ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ላይ ሌላ መርከብ ቆመ፣ እዛ መጀመሪያ ከመረመሯቸው 46 ሰዎች 21ዱ ላይ ተገኘ፣ ከ21ዱ ውስጥ 19ኙ የመርከቡ ሠራተኞች ናቸው። ይሄ ነው እኔን ያስደነገጠኝ፣ ክፍልሽን ዘግተሽ ብትቀመጪ እንኳ ምግቡን አምጥቶ በር ላይ ሚያስቀምጥልሽ ሰው ከነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ መንግሥትም እሁድ ለት ዜጎቹን በተለይ ሕመም ያለባችሁ በክሩዝ አትሂዱ ብሏል፣ ትናንት ማታ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ነው ብሎ አወጀ። እማዬ ስኳርም ግፊትም አለባት፣ ዕድሜዋ በፓስፖርት 68 ነው፣ በሷ ቆጠራ ጣልያን ከወጣ ስንት ዓመት ምናምን ብላ 74 ትደርሳለች፣ ከ70 በላይ የሐኪም ወረቀት ሊጠየቅ ነው እየተባለ ስለሆነ በዚህ አንዴ የተሳሳተው ፓስፖርት ጠቅሞን ነበር።

ታዲያ ምን ያጠያይቃል አትሄዱማ ትይኛለሽ። ብሩ ነዋ! እህቴ ለሦስታችን 2,400 ዶላር ከፍላለች፣ ሌሊት ሌሊት አሮጊት ስትጠብቅ ያገኘችው ብር ነው። ውሉ ላይ እንዲህ ይላል፣ ከ60 ቀን በታች ሲቀረው ከሰረዝሽ ግማሹ ቀረ፣ 30 ቀንና ከዛ በታች ሲቀረው 75 ፐርሰንቱ፣ 14 ቀን ሲቀረው ምንም የለሽም። እኛ ዛሬ 44 ቀን ነው ሚቀረን። ዛሬ ብንሰርዝ 1,200 ዶላር በባንክ ምንዛሪ ወደ 39 ሺህ ብር ውሃ በላው፣ ዝም ካልን ደግሞ መጋቢት 17 ላይ 75 ፐርሰንቱ ውስጥ እንገባለን። ኩባንያው ራሱ ከሰረዘው ግን ሙሉውን ይመልሳል። ስለዚህ ጨዋታው ማን ቀድሞ ይሰርዛል ነው፣ እነሱም እኛን እየጠበቁ እኛም እነሱን።

ኢንሹራንስ የላችሁም እንዴ እንዳትይኝ፣ አለን። እህቴ ደውላ ጠየቀች። ታመሽ ከቀረሽ ይከፍላሉ፣ ፈርተሽ ከቀረሽ አይከፍሉም። በማንኛውም ምክንያት ብትቀሪ ሚከፍል ለብቻው አለ፣ እሱም ቢበዛ 75 ፐርሰንት ነው ሚመልሰው፣ ቀብድ በከፈልሽ በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ ካልገዛሽው ደግሞ አይሸጡልሽም። ኩባንያው አሁን ብትሰርዙ በገንዘብ ፈንታ ለሌላ ጊዜ ጉዞ ሚሆን ክሬዲት እሰጣለሁ ማለት ጀምሯል። ጥሩ ይመስላል፣ ግን የእማዬ ቪዛ ጥቅምት ላይ ያልቃል፣ መርከቡ ደግሞ እዚህ ድሬ ደቻቱ ወንዝ መጥቶ አይጭናትም።

ቤት ውስጥ ክርክሩ ጦፏል። ወንድሜ "በሽታው ሙቀት አይወድም፣ ፍሎሪዳ እንደ ድሬ ሙቅ ነው፣ ሂዱ" ይላል። ሙቀት በሽታ ሚያስቀር ቢሆን ነሐሴ ላይ እኔ በመቀመጫዬ ደረጃ እወርድ ነበር? እህቴ በበኩሏ አንድ ቀን እንሰርዝ ትላለች፣ በማግስቱ ደውላ እዚህ ሰው ሁሉ እየሄደ ነው ዋጋውም ወርዷል ትላለች። እማዬ ዝም ነው። ዝምታዋ ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ልጇ ብር እንዳይቃጠልባት እኔ ልሙት ነው ነገሩ።

እኔን የወሰነልኝ ምን መሰለሽ፣ ያ በር ነው። ዮኮሃማ ላይ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ የነበሩ ሰዎች አሉ፣ ቀንና ሌሊቱን በሰዓት ብቻ ሚያውቁት። መድኃኒት ያለቀባቸውም ነበሩ። እኛም እህቴ ብር ለመቆጠብ የያዘችልን ክፍል መስኮት የለውም። በችኩንጉንያው ጊዜ ምን ሆነ መሰለሽ፣ የፊት ለፊቷ ሳምቡሳ ጠባሿ አለች አይደል፣ እሷ ቀድማ ታማ ቀድማ ተነሳች። ጠዋት ጠዋት አጥሚት በጆግ ይዛ ትመጣለች፣ ጣቶቿ ገና ስላልተፈቱ ጆጉን በሁለት ክንዷ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ በሩን በክርኗ ትገፋውና "አላችሁ?" ትላለች። ከኛ ቤት ወጥታ ቀጣዩ ቤት። በትንኝ ሚመጣ በሽታ ስለሆነ ሰው ሰው ቤት መግባት ይችላል፣ ጤና ኤክስቴንሽኖቹም በርሜላችንን ደፉ ጀሪካናችንን ክደኑ ነበር ሚሉን እንጂ በራችሁን ዝጉ አላሉንም። ይሄኛው ግን ሰው በሰው ነው ሚመጣው። እማዬ ትኩሳት ቢይዛት እኔን ከሷ ይለዩኛል፣ ቋንቋ አታውቅ፣ ያ ነጭ ጫማዋን አርጋ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ሰው እስኪመጣ ትጠብቃለች። እሱን ካሰብኩት ወዲህ 39 ሺሁ ብር አነሰብኝ። ለእህቴም ማታ ነግሬያታለሁ፣ አንሄድም፣ ከአሁን በኋላ ምንጨቃጨቀው መቼ እንሰርዝ በሚለው ብቻ ነው።

አንቺን ምጠይቅሽ እሱን ነው። መጋቢት 16 ድረስ እንታገስ ወይስ ዛሬ ግማሹን ወስደን እንገላገል?

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

ሳልልከው ሁለት ቀን አደረ፣ መብራትም ጠፍቶ ነበር፣ እውነቱን ስነግርሽ ግን ፈርቼሽ ነው። እና በሁለት ቀን ውስጥ ስንት ነገር ሆነ። ትናንት ጤና ሚኒስቴር አገራችን ውስጥ አንድ ሰው ላይ ተገኘ አለ፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ። እማዬ "ጃፓን" ስትሰማ መርከቡ አዲስ አበባ የደረሰ ነው የመሰላት፣ ማስረዳቱ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ዛሬ ቀፊራ ገበያ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ያለው ሰው ጌታ ሆኗል፣ ሳኒታይዘርማ ፋርማሲ ገብተሽ ስትጠይቂ ይስቁብሻል።

ትናንት ማታ ደግሞ እህቴ እየጮኸች ደወለች፣ ከአሜሪካ ወደብ ሚነሱ ክሩዞች ለ30 ቀን ሊያቆሙ ነው! እልል ልል ስል 30 ቀኑን ስንቆጥረው ሚያዝያ 4 አካባቢ ያልቃል። የኛ 17 ነው። በ13 ቀን አለፍነው አይገርምሽም? ሌላ ኩባንያ 60 ቀን ያቆመ አለ፣ የኛው 30 ብቻ። እህቴ ስልክ መስመር ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠብቃ ያገኘቻት ልጅ የናንተ ጉዞ እስካሁን እንዳለ ነው አለቻት።

እንግዲህ እኔ ምለው እንጠብቅ ነው። 30 ቀን ብለው የጀመሩት ሰዎች በ30 ቀን ሚጨርሱት አይመስለኝም፣ እህቴንም እስከ መጋቢት 16 ማታ ታገሺ ብያታለሁ፣ በነሱ ሰዓት ሳይሆን በኛ ሰዓት ማታ፣ ከዛ ካልሰረዙ ግማሹን ይዘን እንወጣለን። ተሳስቼ ከሆነ ዛሬውኑ ንገሪኝ፣ አኩርፈሽም ቢሆን "ተሳስተሻል" ብለሽ ጻፊና ተመልሰሽ አኩርፊ።

ደግሞ ይሄን አይተሽ ከነጉዳይዋ መጣች እንዳትይኝ፣ የእማዬን የስኳርና የግፊት መድኃኒት፣ ሜትፎርሚንና አምሎዲፒን፣ እዛ ካለ የሁለት ወር ያህል ያዢልኝ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ሰው መግዛት ሲጀምር ያልቃል ብዬ ነው፣ ብሩን በሲቢኢ ብር እልካለሁ። ለናትሽ ሙት ዓመት ነሐሴ ላይ እመጣለሁ፣ እማዬንም ይዤ፣ ሙሸበክ ሚባለውን የድሬ ጣፋጭ በካርቶን አስጠቅልዬ፣ ደጅሽ ላይ ካቆምሽኝም እቆማለሁ።

እማዬ ዛሬ ጠዋት ስለ ሰላሳው ቀን ስነግራት "ሰረዙት?" አለች። እኛ ሰርዘነዋል አልኳት። ትንሽ ቆየችና ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ሳበች፣ ነጩን ጫማ አርጋ ቀፊራ ሽንኩርት ልትገዛ ወጣች፣ ስትመለስ በድሬ አቧራ ቡኒ ሆኗል።