ዕድሩን ያፈረሱት ተጫዋቾቹ አይደሉም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰላምታዬ ይቅደም። ሰሞኑን ስለ አሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ደስ ብሎኛል። በአማርኛ ስለዚህ ስፖርት የሚጽፍ ሰው ብዙም አይገኝም። ድምዳሜው ግን አልተዋጠልኝም። ጸሐፊው ትልልቆቹና ትንንሾቹ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ የተራራቁት ተጫዋቾች ገንዘብ መቀበል ስለጀመሩ ነው ይላሉ። ልጆቹ ስግብግብ ሆኑ፣ በየዓመቱ ትምህርት ቤት ይቀያይራሉ፣ ስፖርቱን አበላሹት። ይህን ወሬ ሥራ ቦታም በየሰኞው እሰማዋለሁ። እኔ እንደማየው ነገሩ ተገልብጦ ነው የተነገረው።

ሲያትል ስኖር ሃያ ዓመት አልፎኛል። መጀመሪያ ላይ ይህ ጨዋታ ጨርሶ አይገባኝም ነበር። የእግር ኳስ ይሉታል፣ በእጃቸው ይዘው ይሮጣሉ። አስር ሰከንድ ይጫወቱና ግማሽ ደቂቃ ይሰበሰባሉ። ያስገባችኝ ልጄ ናት። በ2022 (ወሩንም ዓመተ ምሕረቱንም ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ፑልማን በሚገኘው ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። ጎረቤቶቼ ሁሉ እዚሁ ሲያትል ያለው የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ደጋፊዎች ናቸው። እሱን ባጭሩ ዩ-ዳብ እንለዋለን።

ፑልማንን ላላያት ሰው እንዴት ልንገረው? ከሲያትል ተነስተህ ተራራውን ታቋርጣለህ፣ የኮሎምቢያን ወንዝ ትሻገራለህ፣ ከዚያ ሰው የሌለበት መንገድ ነው። አምስት ሰዓት ሊሞላህ ሲል የስንዴ ኮረብታዎች ይጀምራሉ። መጨረሻ የላቸውም። አርሲ ያደገ ሰው ቢያየው ዓይኑን አያምንም። ከተማዋ 32 ሺህ ያህል ሰው አላት። ስታዲየሙ ደግሞ 33 ሺህ ያህል ይይዛል። በዓመት ስድስት ወይም ሰባት ቅዳሜ ጨዋታ አለ። በእነዚያ ቀናት ሞቴል አይገኝም፣ ምግብ ቤት ወንበር የለም፣ ቡና ለመግዛት ግማሽ ሰዓት ትሰለፋለህ። የተቀሩት ቅዳሜዎች ላይ ነፋስና ስንዴ ነው ያለው። እንግዲህ ስለ ትልቅና ትንሽ ስናወራ እንዲህ ያለችውን ከተማ በዓይነ ህሊናችሁ ያዙልኝ።

ዋሽንግተን ስቴትም ዩ-ዳብም የአንድ ኮንፈረንስ አባላት ነበሩ። ፓክ-12 ይባላል። በ1915 የተመሠረተ ነው። ኮንፈረንስ ማለት ለእኛ ሰው በቀላሉ ይገባል፤ ዕድር ነው። አባላቱ እርስ በርስ ይጫወታሉ፣ ከቴሌቪዥን የሚመጣው ገንዘብ አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ይካፈሉታል። ሎስ አንጀለስ ያለውም ፑልማን ያለውም እኩል ይደርሰው ነበር። ሎስ አንጀለስ ብዙ ተመልካች ታመጣለች። ፑልማን ደግሞ ትገኛለች፣ ትጫወታለች፣ አልፎ አልፎም ሎስ አንጀለስን ታሳፍራለች።

በሰኔ 2022 ሁለቱ የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ፣ ወደ ሌላ ኮንፈረንስ፣ ወደ ቢግ ቴን፣ እንሄዳለን አሉ። ቢግ ቴን መሠረቱ ሺካጎና ኦሃዮ አካባቢ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ከቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ለሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተፈራረመ። በቀጣዩ ዓመት ኮሎራዶ ወጣ። ፓክ-12 በእጁ የቀረው ጨዋታዎቹን በኢንተርኔት ላሳይ የሚለው የአፕል ኩባንያ ግብዣ ነበር፣ እሱም ገንዘቡ በተመዝጋቢ ብዛት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ነሐሴ 4 ቀን 2023፣ ዓርብ ዕለት፣ በአንድ ቀን አምስት አባላት ወጡ። ዩ-ዳብና ኦሪገን ወደ ቢግ ቴን፣ ሁለቱ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲዎችና ዩታ ቢግ ትዌልቭ ወደሚባል ሌላ ኮንፈረንስ። ስታንፎርድና በርክሌይ ጥቂት ሳምንት ቆይተው የአትላንቲክ ዳርቻ ኮንፈረንስ ገቡ። ካሊፎርኒያ ያለችው ፓስፊክ ላይ ነው፣ ግን ማን ይጠይቃል። ቢግ ቴንም “አስር” እየተባለ አባላቱ 18 ደርሰዋል።

የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ዋሽንግተን ስቴትና ኦሪገን ስቴት። ያን ቀን ማታ ልጄ ደወለችልኝ። “አባዬ፣ ጥለውን ሄዱ” አለችኝ። ስለ ስፖርት አልመሰለኝም፣ ደነገጥኩ።

ከዚያ የመጣው ነገር ደግሞ የእኛን ሰፈር ዕድር ጸብ ነው ያስታወሰኝ። ወጣን ያሉት አስሩ የኮንፈረንሱ ቦርድ ላይ ድምፅ ይኑረን አሉ። ሣጥኑ ውስጥ ገንዘብ አለ ማለት ነው። ከዕድር ወጣሁ ያለ ሰው በዕድሩ ገንዘብ ላይ እጅ ያወጣል እንዴ? ጉዳዩ ፑልማን ያለችበት የዊትማን ካውንቲ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው በኅዳር 2023 ቦርዱ የቀሩት የሁለቱ ነው ብለው ወሰኑ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ውሳኔውን አልነካውም። በኋላ ተስማሙ።

አሁን ደግሞ የራሳችንን ጉድ ልናገር፣ አለበለዚያ ጽሑፌ ሙሉ አይሆንም። እነዚህ ተጥለው የቀሩት ሁለቱ ምን አደረጉ? በመስከረም 2024 ዞር ብለው ከማውንቴን ዌስት ኮንፈረንስ ቦይዚ ስቴትን፣ ኮሎራዶ ስቴትን፣ ፍሬዝኖ ስቴትንና ሳንዲያጎ ስቴትን ወሰዱ። ቀጥሎ ዩታ ስቴትን። እኛ ላይ የተደረገውን ከእኛ ለሚያንሱት አደረግነው። አንድ የኮሎራዶ ሰው ይህን ሲነግረኝ መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። ሥርዓቱ ራሱ ሁሉንም ሰው ወደዚያ እንደሚገፋው ግን አያለሁ። ከታች የቀረ ከበታቹ ያለውን ይረግጣል።

እና ይህ ሁሉ የመጣው ልጆቹ ደሞዝ ስለጠየቁ ነው? ዩኒቨርሲቲዎች ከገቢያቸው ለተጫዋቾች በቀጥታ እንዲያካፍሉ የተፈቀደው በሰኔ 2025 ነው። የካሊፎርኒያዋ ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ስምምነቱን አጸደቁ፣ ከሐምሌ ጀምሮ አንድ ትምህርት ቤት በዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር መክፈል ቻለ። ፓክ-12 ከፈረሰ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ልጆቹ በስማቸውና በመልካቸው ማስታወቂያ መሥራት የቻሉት በ2021 ነው፣ ልክ ነው። ያ ገንዘብ ግን ከኮንፈረንስ ሣጥን አይወጣም። እንደ እውነቱ ከሆነ 20.5 ሚሊዮኑ ልዩነቱን ያሰፋዋል፣ ይህን አልክድም። ለትልልቆቹ ወጪ ነው፣ ለትንንሾቹ ሕልም ነው። ግን ያ ገንዘብ ለምን አንዱ ጋ ሞልቶ ሌላው ጋ ጎደለ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም እኮ በ2023 አሰልጣኙን ለማሰናበት ብቻ 76 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊከፍል ተስማምቷል። እንዳይሠራ ነው የሚከፈለው! ተጫዋቾቹ ገና የደሞዝ ወረፋ ላይ ሳሉ ነው ይህ የሆነው።

ሥሩን ለማግኘት እስከ 1984 መመለስ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት የኮሌጅ ጨዋታ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ የሚወስነው የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ ነበር። አንድ ቡድን በሁለት ዓመት ውስጥ ከስድስት ጊዜ በላይ መታየት አይችልም ነበር። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ተቃውመው ከሰሱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 7 ለ2 ፈረደላቸው። ነፃ ገበያ ይቅደም ማለት ነው። ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ ባይረን ዋይት ናቸው። እኚህ ሰው በወጣትነታቸው የኮሎራዶ ኮከብ ተጫዋች ነበሩ፣ በ1938 በፕሮፌሽናሉ ሊግ ኳስ ይዞ በመሮጥ አንደኛ ወጥተዋል። ከዘጠኙ ዳኞች ሜዳውን በእግራቸው የሚያውቁት ሰው “ይሄ ነገር አይበጅም” ካሉት አንዱ መሆናቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከዚያ ፍርድ በኋላ እያንዳንዱ ለራሱ ሆነ። አርባ ዓመት ፈጀ እንጂ መንገዱ የተጠረገው ያን ጊዜ ነው።

የኮሌጁን ሻምፒዮና ድርሻም ተመልከቱ። ከ2026 ጀምሮ የስፖርት ቴሌቪዥኑ ኢኤስፒኤን በዓመት 1.3 ቢሊዮን ዶላር ይከፍላል። እንደተዘገበው ከዚህ ውስጥ 58 በመቶ ያህሉን የሚወስዱት ቢግ ቴንና የደቡብ ምሥራቁ ኮንፈረንስ ኤስኢሲ ናቸው፣ በድምሩ 34 ትምህርት ቤቶች። ከስልሳ በላይ የሚሆኑት ትንንሾቹ በጋራ የሚደርሳቸው 9 በመቶ ገደማ ነው። ላለው ይጨመርለታል የሚለው ቃል እዚህ ስታዲየም በር ላይ ቢጻፍ አይበዛበትም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? ኤንኤፍኤል፣ ያ ፕሮፌሽናሉ፣ ያ ንግድ መሆኑን የማይደብቀው ሊግ፣ የአገር አቀፍ የቴሌቪዥን ገንዘቡን ለ32ቱም ቡድኖች እኩል ያካፍላል። ለዚህ ነው ግሪን ቤይ፣ መቶ ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ሰው ያላት ከተማ፣ ከኒው ዮርክ ጋር እኩል ቆማ የምትጫወተው። እኛ ትምህርት ነን፣ እኛ ማኅበረሰብ ነን የሚሉት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው ማካፈል ያቃታቸው። ፕሪሚየር ሊግ የምትከታተሉ አንባቢዎችም የ2021ን ሱፐር ሊግ አትረሱትም። አስራ ሁለት ክለቦች ተነጥለን እንጫወት አሉ። በሁለት ቀን ውስጥ የእንግሊዝ ደጋፊ መንገድ ዘግቶ አስቀረው። እዚህ አሜሪካ ያው ሱፐር ሊግ ቀስ በቀስ ተሠራ። መንገድ የዘጋ አላየሁም። ሁሉም የራሱ ቡድን ተመርጦ ይገባል ብሎ ተስፋ ያደርጋላ።

ስለ ተጫዋቾቹ አንድ ነገር ልበል። ካም ዋርድ የሚባለውን ልጅ ታውቁት ይሆናል። ከቴክሳስ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ ትልልቆቹ አላዩትም። ኢንካርኔት ወርድ የሚባል ትንሽ ትምህርት ቤት ወሰደው። ከዚያ ፑልማን መጣ፣ ልጄ በገባችበት ዓመት። ሁለት ዓመት ተጫወተልን። ከዚያ ማያሚ ሄደ፣ በ2025 ደግሞ የኤንኤፍኤል ቡድኖች አዲስ ተጫዋች በተራ ሲመርጡ አንደኛ ተመረጠ። እሱን ተክቶ የገባው ጆን ማቲርም አንድ ዓመት ደምቆ ኦክላሆማ ሄደ። በዚያው ወር አሰልጣኙም ወደ ዌክ ፎረስት ሄዱ። አሰልጣኙ ሲሄድ “ዕድገት” ይባላል፣ ልጁ ሲሄድ “ክህደት”። እኔ ለሁለቱም እንጀራ ነው እላለሁ። የሚያመኝ ሌላው ነው። ጥጃውን የሚያሳድገው አንዱ፣ ላሟን የሚያልባት ሌላው ሆነ። ለማሳደጊያው እንኳ የሚከፍል የለም። በዓለም የእግር ኳስ አንድ ክለብ ልጅ ሲያሳድግ ሲሸጠው ገንዘብ ያገኛል። እዚህ ባዶ እጅ ነው።

ጉዳዩ ፉትቦል ላይ አይቆምም። በትልልቆቹ ኮንፈረንሶች ባሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ውኃ ዋናን፣ ሩጫን፣ መረብ ኳስን፣ ጀልባ ቀዘፋን የሚያኖረው የፉትቦል ገንዘብ ነው። ዋሽንግተን ስቴት በ2025 ከአትሌቲክስ ቡድኑ ዝላይንና ውርወራን አስቀርቶ፣ አጭር ርቀትንም ቀንሶ፣ ትኩረቱን ረዥም ርቀት ላይ አድርጓል። የአትሌቲክስ ነገር ለእኛ ሰው ሌላ ነው። ኬንያዊው ሯጭ ሄንሪ ሮኖ የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። በ1978 በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ሪከርድ ሰበረ፣ የመሰናክሉን እዚሁ ሲያትል። ልጄን መጀመሪያ ፑልማን ሳደርሳት ስለ ፉትቦል የማውቀው ነገር አልነበረም፣ የሮኖን ስም ግን አውቅ ነበር። ረዥም ርቀቱ ተረፈ፣ እሰየው። የቀሩት ልጆች ግን ማንም ጋዜጣ ላይ አልጻፋቸውም።

የወጡትም ያለ ዋጋ አልወጡም። ዩ-ዳብ በመስከረም 2024 ዓርብ ማታ ከራትገርስ ጋር ለመጫወት ኒው ጀርሲ ድረስ በረረ፣ 21 ለ18 ተሸንፎ ተመለሰ። ፉትቦሉ የግሉ አውሮፕላን አለው ይባል። መረብ ኳስ የሚጫወቱት ሴቶች ግን ሦስት የሰዓት ልዩነት አቋርጠው ሄደው፣ ሲመለሱ ፈተና ይቀመጣሉ።

ኮንግረሱ ሕግ አሻሽሎ ሁሉም የቴሌቪዥን መብታቸውን በአንድነት እንዲሸጡ ይፍቀድ የሚሉ ሰዎች አሉ። ለፕሮፌሽናሎቹ በ1961 የተፈቀደ ነገር ነው። ቢግ ቴንና ኤስኢሲ አይወዱትም፣ ለምን ይወዱታል። እኔ ግን ተጫዋቾቹን ከምንረግም ስለዚህ ብንጽፍ ይሻላል ባይ ነኝ። ቢቻላችሁ ሕጉ ምን እንደሚል አንድ ቀን በዝርዝር አውጡልን። እዚህ አገር ልጆቻችንን በየዩኒቨርሲቲው የላክን ወላጆች ብዙ ነን፣ ድምፅም እንሰጣለን።

ስለ አፕል ካፕ ሳልናገር ባልጨርስ ይሻላል። ዩ-ዳብና ዋሽንግተን ስቴት የሚገናኙበት ጨዋታ ነው። የመጀመሪያው በ1900 ነው፣ 5 ለ5 ተለያዩ። ለብዙ ዘመን በኅዳር መጨረሻ፣ በብርድና በበረዶ፣ የዓመቱ መዝጊያ ነበር። አሁን ወደ መስከረም ተገፍቷል፣ ቢግ ቴን ኅዳሩን ለራሱ ይፈልገዋል። በ2024 ሲያትል ላይ ከልጄ ጋር ሄድኩ። የተጣለው የጣለውን 24 ለ19 አሸነፈ። ዩ-ዳብ መጨረሻ ላይ መስመሩ አፋፍ ደርሶ አልገባም። ጎረቤቴ ለሁለት ሳምንት ሰላም አላለኝም። በ2025 ፑልማን ላይ 59 ለ24 ተሸነፍን። ይህን ስጽፍ እጄ ከበደኝ።

ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ጨዋታውን ለመቀጠል የፈረሙት ውል እስከ 2028 ነው። ታናሹ ልጄ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በ2029 ነው፣ ፑልማን ካልሆነ አልሄድም እያለኝ ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የዋሽንግተን ስቴት አባት
ከሲያትል