ቲሶት ሲስታር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከባለቤቶቹ የሰማሁትን ልንገራችሁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ስልክ፣ ስለ መኪና፣ ስለ ቤት ኪራይ ትጽፋላችሁ፣ ደግ ነው። ስለ እጅ ሰዓት ግን ስታነሱ አላየሁም። ሰው ግን እየገዛ ነው፣ ያውም በቀላል ብር አይደለም። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ «ምን ይዤልህ ልምጣ?» ሲል በእኛ ዙሪያ ከሚጠሩት ዕቃዎች አንዱ ቲሶት ሲስታር 1000 የሚባለው ውኃ የማያስገባ የስዊዝ እጅ ሰዓት ሆኗል። እኔም አለኝ፣ ከጓደኞቼና ከዘመዶቼ መካከልም ያላቸው አሉ፤ ስንገናኝ ስለሱ ሳናወራ አንለያይም። ገዝተው ከኖሩበት ሰዎች የምትሰሙት ሻጭ ከሚነግራችሁ ጋር ብዙም አይገናኝም። ስለዚህ ለአንባቢዎቻችሁ ይድረስልኝ ብዬ ነው የጻፍኩት።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሰዓቱ ለገንዘቡ ይበቃል፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ነገር ግን እዚህ አገር ተቀምጦ የሚገዛ ሰው ስንት ሜትር እንደሚጠልቅና ስለ ውበቱ ከመጠየቁ በፊት «ሲበላሽ ማን ይሠራልኛል?» ብሎ ይጠይቅ።

ቲሶት ከ1853 ጀምሮ ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ከፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ባለች ለሎክል በምትባል ተራራማ ከተማ የሚሠራ ድርጅት ነው። ዛሬ ከኦሜጋና ከሎንጂን ጋር በአንድ ባለቤት፣ በስዋች ግሩፕ ሥር ነው። ሲስታር 1000 ባትሪ የሌለው አውቶማቲኩ እንደ አገሩና እንደ ጊዜው ከ700 እስከ 900 ዶላር አካባቢ ይሸጣል። ኦሜጋ ሲማስተር ደግሞ ከ5,000 ዶላር በላይ ነው። «ርካሽ የስዊዝ ሰዓት» የሚባለው እንግዲህ ከእነዚህ አንጻር ነው። በእኛ ኪስ ሲታይ፣ በተለይ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ፣ የብዙ ወር ደመወዝ ነው። ይህን ያህል የሚያወጣ ሰው ደግሞ ትክክለኛውን መረጃ ማግኘት ይገባዋል።

ከቁጥሩ ልጀምር። «ሺህ ሜትር ይጠልቃል» እያለ የሚሸጥ ሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ውሸት ነው። 1000 የሚለው የሚለካው በጫማ ነው፣ ማለትም ወደ 300 ሜትር። ስሙ የሚቀራረብ ሲስታር 2000 ፕሮፌሽናል የሚባል ሌላ ሰዓት አለ፤ እሱ 600 ሜትር ይችላል፣ ለጠላቂ ሰዓት የወጣውን አይ ኤስ ኦ 6425 የተባለውን ዓለም አቀፍ መስፈርትም ያሟላል፣ ዋጋውም መጠኑም ከፍ ያለ ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

300 ሜትሩም ቢሆን ማናችንም አንደርስበትም። ለመዝናናት የሚጠልቁ ሰዎች እንኳ ከ40 ሜትር እንዳያልፉ ነው የሚመከሩት። ታዲያ ምን ይጠቅማል? ተራ ሰዓት ላይ «30 ሜትር» ተብሎ የሚጻፈው እጅ ለመታጠብና ለዝናብ እንጂ ለዋና አይሆንም። 300 ሜትር የተባለው ሰዓት ግን ጀርባው በብሎን መልክ የሚጠብቅ ነው፣ ጎኑ ላይ ያለችው መሙያም እንደ ክዳን ተጠምዝዛ ትቆለፋለች። ላንጋኖ ገብታችሁ እንደ ልባችሁ ብትዋኙ ሐሳብ አይገባችሁም። ዱባይ ያለው የአክስቴ ልጅ ባሕር ውስጥ አድርጎት ይገባል፣ ሲወጣ በቧንቧ ውኃ ያለቀልቀዋል። ጨው ከቆየ ብረቱንም ጎሚኒውንም ይበላልና ይህችን ነገር አይዘነጋም።

የእኛ አገር አደጋ ሙቅ ውኃ ነው። ሶደሬ፣ ፍልውሃ፣ ስቲም። ውኃ የሚከለክሉት ቀጫጭን ጎሚኒዎች ናቸው፤ ብረቱና ጎሚኒው ደግሞ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም። ሙቀት በተደጋገመ ቁጥር ጎሚኒው ይደርቃል፣ ከዚያ ወዲያ ገጹ ላይ የተጻፈው ቁጥር ዋጋ የለውም። ስለዚህ ፍልውሃ ስትገቡ አውልቁት። መሙያዋን ከፍታችሁ ሰዓት ካስተካከላችሁ በኋላም መልሳችሁ ማጥበቃችሁን አረጋግጡ።

አሁን ባለቤቶቹ ሁሉ ወደሚያመሰግኑት ነገር ልምጣ። ማሽኑ ፓወርማቲክ 80 ይባላል፤ አንዴ በደንብ ከተሞላ 80 ሰዓት፣ ማለትም ሦስት ቀን ከስምንት ሰዓት ይሠራል። ዓርብ ማታ 12 ሰዓት አውልቃችሁ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ስታነሱት ያለፈው 62 ሰዓት ነው፣ ስለዚህ አይቆምም። ባትሪ ለሌለው፣ በእጅ እንቅስቃሴ ለሚሞላ ሰዓት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብዙዎቻችን ቤት የነበረው ሴኮ ፋይቭ ሁለት ቀን ካልታሰረ ይቆም ነበር።

80 ሰዓቱ ግን በነጻ አልመጣም። ይህ ማሽን ኤታ 2824 የሚባለው የታወቀ የስዊዝ ማሽን ልጅ ነው። አባቱ በሰዓት 28,800 ጊዜ ይመታል፣ የሚሠራውም ወደ 38 ሰዓት ያህል ነው። መሐንዲሶቹ ረዘም ያለ ሞላ አስገቡ፣ ምቱንም ወደ 21,600 አወረዱት፤ ምቱ ሲቀንስ ሞላው ቶሎ አያልቅም። ልዩነቱን በዓይን ማየት ይቻላል። ሰከንድ ቆጣሪው በድሮው በሰከንድ ስምንት ጊዜ፣ በአዲሱ ስድስት ጊዜ ስለሚንቀሳቀስ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ይህ የማይዋጥላቸው አሉ። እኔ ግን ሰኞ ጠዋት ሰዓትና ቀን ከማስተካከል ያዳነኝን እመርጣለሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ፒያሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዓት ሲሠሩ የኖሩ አባት አሉ። ሲስታሩን ከፍተው እንዲያዩልኝ ወሰድኩላቸው። ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጠረጴዛቸው ላይ የነበረ አሮጌ ሴኮ አጠገቡ አስቀመጡና በወረንጦ ጫፍ አንዲት ትንሽ ዘንግ አሳዩኝ፤ አጠገቧ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አለ። ሰዓቱ ሲቀድም ወደዚህ፣ ሲዘገይ ወደዚያ ትገፋለች፣ አለቀ። ሲስታሩ ላይ ያቺ ዘንግ የለችም። ማሽኑ ፋብሪካ ውስጥ በሌዘር ተስተካክሎ ነው የሚወጣው። «የኔ ልጅ፣ ማሽኑ ጥሩ ነው፤ ግን እኔ የምነካው ቦታ የለውም» አሉኝ። ዋጋም አልጠየቁኝም።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ሰዓቱ በፋብሪካው ልክ እስከሄደ ድረስ ሰው ይደሰታል፤ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ በቀን በጥቂት ሰከንድ ቢሳሳት ነው የሚሉት፣ ለመካኒካል ሰዓት ይህ ጎሽ የሚያሰኝ ነው። ከዓመታት በኋላ ግን ዘይቱ ይደርቃል፣ አካሄዱ ይለወጣል፣ ያኔ የሰፈር ሰዓት ሠሪ በወረንጦ የሚጨርሰው ሥራ አይደለም። አንዳንዶቹ የዚህ ማሽን ዓይነቶች ምቱን የሚቆጣጠሩት ጥርሶችም ከብረት ሳይሆን ከፕላስቲክ መሰል ነገር የተሠሩ ናቸው። በዚህ ላይ ባለቤቶች ይጨቃጨቃሉ። አንዱ «ለዚህ ሁሉ ዶላር ፕላስቲክ?» ይላል። ሌላው ደግሞ ቀላል ነው፣ ማግኔት አይስበውም፣ ዘይትም ብዙ አይፈልግም ብሎ ይመልስለታል። ሁለተኛው እውነት አለው፤ አዳዲሶቹ ላይ የገባው ኒቫክሮን የተባለው ቀጭን ሞላም ማግኔትን በደንብ ይቋቋማል፣ ስልክና ስፒከር በሞላበት ዘመን ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። ውጭ አገር ያሉት ሲበላሽባቸው ወደ ድርጅቱ ይልካሉ፣ አንዳንዴም ማሽኑ በሙሉ ተቀይሮ ይመለስላቸዋል። እኛስ? የሚሄድ ሰው ፈልገን፣ ሻንጣው ውስጥ አስገብተን፣ እስኪመለስ መጠበቅ ነው።

አንድ ሌላ ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ፣ እሱም የቀን መቁጠሪያው ነው። ሰዓቱ ወር ሁሉ 31 ቀን ነው ብሎ ነው የሚቆጥረው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ለሚጠቀም በዓመት አምስት ጊዜ ማረም ይበቃል። በእኛ አቆጣጠር የሚጠቀም ግን ወሮቻችን 30፣ 30 ስለሆኑ በየወሩ 31ን ማስዘለል አለበት፤ ጳጉሜ ስታልቅ ደግሞ ከ6 ተነስቶ ወደ 1 ለመድረስ ሃያ ምናምን ቀን ማዞር ነው፣ ወደ ኋላ አይሄድምና። በጠቅላላው በዓመት 13 ጊዜ። እኔ አይከብደኝም፣ መስከረም 1 ጠዋት ማዞሩን እንዲያውም እወደዋለሁ።

ግን መቼ እንደምታዞሩት ተጠንቀቁ። ቀኑ የሚቀየረው ቆጣሪዎቹ በየሁለተኛው ዙር 12 ላይ ሲገናኙ ነው፤ ከዚያ ሦስት ሰዓት ቀድሞና ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ጥርሶቹ ተያይዘው ስለሚቆዩ በዚያን ጊዜ ቀኑን በመሙያዋ መግፋት ጥርስ ሊሰብር ይችላል። መመሪያ ወረቀቱ የሚያወራው ሰዓቱን በፈረንጅ አሞላል ለሚሞላ ነው፤ ለሱ አደገኛው ጊዜ በእኛ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ አብዛኛው ሰው ተኝቶ ያልፈዋል። ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላ ሰው ግን ቀኑን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንዲቀይር ካደረገው አደገኛው ጊዜ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ይሆናል። ሰው ልብሱን ለብሶ፣ ሰዓቱን አንስቶ «ውይ፣ ቀኑ ተሳስቷል» የሚልበት ሰዓት በትክክል ያ ነው! ስለዚህ ምሳ ሰዓት ድረስ ታገሡ፣ ወይም መጀመሪያ ቆጣሪዎቹን ወደ 6 አካባቢ ወስዳችሁ ቀኑን አስተካክሉና ሰዓቱን መልሱት።

ገጹ ዙሪያ ያለው የሚዞር ቀለበት ለጌጥ የሚመስለው ብዙ ነው። የተሠራው ጠላቂው ውኃ ውስጥ የቆየበትን ደቂቃ እንዲያውቅ ነው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞረውም ለዚሁ ነው፤ በድንገት ተገፍቶ ቢንቀሳቀስ ያለፈው ጊዜ በዝቶ ይታያል እንጂ አይቀንስም፣ ሰውየው ቀድሞ ይወጣል። ነርስ የሆነ ጓደኛዬ ግን ውኃ ሳይነካው በየቀኑ ይጠቀምበታል። ግሉኮስ ሲሰቅል ምልክቱን ከደቂቃ ቆጣሪው ጋር ያገጥመዋል፣ ከዚያ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ በአንድ እይታ ያውቃል። ማታ ተረኛ ሲሆን ደግሞ መብራት በጠፋ ክፍል ውስጥ ገጹ ስለሚያበራለት ስልኩን አያወጣም። ከሁላችንም በላይ ሰዓቱን ያወቀው እሱ ነው እላለሁ።

ስለ መጠኑ በአጭሩ። የተለመደው 43 ሚሊ ሜትር ስፋትና 12.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። እጁ ቀጭን ለሆነ ሰው ይበዛል፣ ጠበብ ያለ የሸሚዝ እጅጌ ሥርም አይገባም። አሁን 40 ሚሊ ሜትሩም ስላለ «አምጡልኝ» ስትሉ መጠኑን ለይታችሁ ንገሩ።

ፎርጅድ ገበያውን እንደሞላው ታውቃላችሁ። ዋስትናው ዓለም አቀፍ ነው፤ ግን የሚሠራው ከተፈቀደለት ሻጭ ተገዝቶ ወረቀቱ ላይ ቀንና ማኅተም ካለ ብቻ ነው። ያለ ወረቀት በቅናሽ የሚሰጣችሁን ሰው፣ ዕቃው ኦሪጅናል ቢሆን እንኳ፣ ቅናሹን ከጥገናው ወጪ ጋር አስሉት። እንዲያው ለዘመድ ገንዘብ ስትልኩ «ወረቀቱን እንዳትረሳ» የምትለዋን አትርሱ።

አንድ ልመና አለኝ። ሰዓት ሠሪዎቻችን እጃቸው ወርቅ ነው፣ የጎደላቸው መሣሪያና ዕቃ ነው። ሰዓት ተከፍቶ ከተዘጋ በኋላ ውኃ አለማስገባቱን በአየር ግፊት የሚፈትሽ መሣሪያ አለ። ይህን ሳያደርግ 300 ሜትር የሚል ሰዓት ከፍቶ የሚዘጋ ሰው ሰዓቱን ተራ ሰዓት አድርጎ ነው የሚመልሰው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ መሣሪያ ያለውና ትክክለኛ ጎሚኒ የሚቀይር ባለሙያ ማን እንደሆነ ጋዜጠኛ ልካችሁ አጣሩልን፣ ስማቸውንና አድራሻቸውን አትሙልን። ሰዓት የምታስመጡ ነጋዴዎችም ይህን ካነበባችሁ፣ ከሰዓቱ ጋር ጎሚኒና መለዋወጫ ይዛችሁ ብትመጡ የሚገዛችሁ ሰው አለ፣ አንዱ እኔ ነኝ። ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ አንባቢዎችም እንዲህ ያለ ባለሙያ ካወቃችሁ ለዚሁ ጋዜጣ ጻፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከአዲስ አበባ