ጉዳዩ፦ ያለቦታቸው ስለተቀቡ የውሃ መከላከያ ማሸጊያዎችና ውሃ ስለገባባት ጀልባዬ

ቀን፦ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለጀልባ ዕቃ መሸጫና ጥገና ድርጅታችሁ ሥራ አስኪያጅ

ጤና ይስጥልኝ።

ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ ሳይጠና፣ ወደ ዘጌ እንግዳ የማመላልስባትን የፋይበር ጀልባዬን ለጥገና አስረክቤያችሁ ነበር። ሥራው ያን ያህል ከባድ አልነበረም። የገመድ ማሰሪያዎቹን መቀየር፣ ተሳፋሪ የሚይዘውን የጎን ብረት መግጠም፣ የፊቱን ፕላስቲክ መስታወት መተካት፣ የሌሊት መብራቱን ገመድ ማስገባት። የሥራ ማዘዣው ላይ «ማሸጊያው ለጀልባ የሚሆን ይሁን» ብዬ አስጽፌያለሁ። ኮፒውን ከደረሰኙ ጋር አያይዤዋለሁ።

ዛሬ ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ ቆማለች። የፊተኛው ገመድ ማሰሪያ አካባቢ ወለሉ ሲረገጥ ይሰረጉዳል። መስታወቱ ጠርዝ ጠርዙን ተሰነጣጥቋል። መብራቱ አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠፋል። ዕቃ ይበላሻል፣ እሱን እናውቃለን። የሚያበሽቀው ግን ትክክለኛው ዕቃ እዚያው መደርደሪያችሁ ላይ መኖሩ ነው።

ቴክኒሻናችሁ ሁለት ዓይነት ቱቦ ነበር የያዘው። አንዱ ነጭ ሲሊኮን፣ ሌላው ጥቁር ፖሊዩሬታን፤ ሁለቱም ውሃ እንዳይገባ ክፍተት የሚደፈንባቸው ናቸው፣ አጥብቆ የሚይዘው ግን ፖሊዩሬታኑ ነው። ሲሊኮኑን ገመድ ማሰሪያውና የጎን ብረቱ ሥር ቀባው። ፖሊዩሬታኑን መስታወቱ ዙሪያ አደረገው። ስጠይቀው «መስታወቱን ንፋስ ስለሚገፋው ጠንካራው ይሻለዋል» አለኝ። የቀኙን ጫማ በግራ እግር ማድረግ ማለት ይሄ ነው።

ከገመድ ማሰሪያው ልጀምር። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ንፋስ ሲነሳ፣ ዳር ላይ የታሰረ ጀልባ ገመዱን እንዴት እንደሚጎትት እናንተም ታውቃላችሁ። ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው ማሰሪያው ላይ ነው። ማሰሪያው በተጎተተ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይነቃነቃል። ሲሊኮን ይለጠጣል እንጂ ፋይበር ላይ አጥብቆ አይዝም። አንድ ጥግ ላይ ከተላቀቀ ውሃው ብሎኑን ተከትሎ ይወርዳል። የእኔ ጀልባ ወለል ደግሞ ወጥ ፋይበር አይደለም። ከላይና ከታች ፋይበር ነው፣ መሐሉ ኮምፔንሳቶ ነው። እዚያ መሐል የገባ ውሃ መውጫ የለውም።

ብሎኑን ራሴ ፈታሁት። ከቀዳዳው ጥቁር ውሃ ወረደ። ኮምፔንሳቶውን በካቻቪቴ ጫፍ ነካ ሳደርገው ተልጦ ወጣ፤ ሽታው የሻገተ እንጨት ሽታ ነው። ከሥር ስመለከት ደግሞ ዳዶው የተቀመጠው አንዲት ቀጭን ሮንዴላ ላይ ነው። ጉልበቱን ሰፋ አድርጎ የሚያከፋፍል ላሜራ አልገባበትም። እንዲህ ሆኖ የትኛውም ማሸጊያ ብዙ አይቆይም ነበር፤ ይሄም ይመዝገብልኝ።

ለቅሬታ ስመጣ ባንኮኒው ላይ የነበረው ልጅ «ጋሼ፣ ጣና እኮ ጨው የለውም። የባሕር ማሸጊያ ምን ያደርግልዎታል?» አለኝ። ልጁ ትሑት ነው፣ በእሱ አልፈርድም። የነገሩት ነገር ነው። ግን ይሄን ለእሱም ለሌሎቹም አስረዷቸው። ጨው የሚጎዳው ብረትን ነው። እንጨትን በማበስበስ በኩል ግን ጨው የሌለው ውሃ ይብሳል፤ እንጨት የሚበላው ሻጋታ ጨው አይወድም። የዝናብ ውሃና የጣና ውሃ ለእሱ ሠርግና ምላሽ ነው። ፀሐዩንም አትርሱት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ያለው ፀሐይ ብዙ ማሸጊያ ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። ለፀሐይ የማይሆኑ ፖሊዩሬታኖች ጭምር አሉ። ስለዚህ ጥያቄው «ጨው አለ ወይ?» ብቻ አይደለም። ምን ላይ ነው የሚቀባው? ምን ያህል ይጎተታል? ፀሐይ ያገኘዋል ወይስ ውሃ ውስጥ ነው? ወደፊት ይነቀላል ወይስ አይነቀልም? እነዚህን ሳይጠይቅ ቱቦ የሚያቀብል ሻጭ እየገመተ ነው።

ለገመድ ማሰሪያው የሚሆን ነገር ጠፍቶ አይደለም። ለጀልባ የተሠራ ፖሊዩሬታን፣ ለምሳሌ ሲካፍሌክስ 291 ዓይነቱ፣ ይሆነው ነበር። ቢውቲል ቴፕም ይሆነዋል። የመኪና መብራት የሚያሽጉ ጋራዦች ያውቁታል፤ ሙጫው የማይደርቅ፣ የሚለጠጥ ነገር ነው። ስለማይደርቅ ማሰሪያው ሲነቃነቅ አብሮ ይሄዳል፣ ሲያስፈልግም ይነቀላል። የቀዳዳውን አፍ በትራፓኖ ትንሽ ሰፋ አድርጎ፣ ቴፑ እዚያ ውስጥ ቀለበት ሠርቶ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ከዚያ ብሎኑን ቀስ በቀስ፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ማጥበቅ። የእናንተ ሰው ግን በአንድ ትንፋሽ አጥብቆ ሲሊኮኑን በሙሉ በጎን አስወጣው። የወጣውን በጣቱ ጠርጎ «አለቀ» አለ። ከሥር የቀረ ነገር ቢኖር ኖሮ ዛሬ ይሄን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

መስታወቱ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። የእኔ መስታወት አክሪሊክ የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ፖሊዩሬታን ሠሪዎች በምርታቸው ወረቀት ላይ አክሪሊክና ፖሊካርቦኔትን እንዳይነካ የሚያስጠነቅቁት በምክንያት ነው፤ ፕላስቲኩን ያስጨንቀውና ይሰነጥቀዋል። እዚህ ቦታ ሲሊኮን ነበር የሚሻለው፣ ያውም አቼቶ የማይሸተው ዓይነት። አክሪሊክ በፀሐይ ሲሞቅ ከፋይበር ይልቅ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ቀዳዳው ከብሎኑ ሰፋ ማለት ነበረበት። የተበሳው ግን ልክ በብሎኑ ውፍረት ነው። ስንጥቆቹን ብታዩአቸው እያንዳንዱ ከብሎን ቀዳዳ ተነስቶ ወደ ጠርዙ ይሄዳል። ፎቶውን አያይዣለሁ።

መብራቱን በአጭሩ ልበል። ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ በዚያው ነጭ ሲሊኮን ተደፍኗል። ሲቀባ አቼቶ አቼቶ ይል ነበር። ያ ሽታ አሲድ ነው፤ መዳብ ላይ አይቀባም። የገመዱን ልባስ ስልጠው ሽቦው አረንጓዴ ሆኗል። ከዘጌ አምሽታ ለምትመለስ ጀልባ መብራት ጌጥ አይደለም።

ሌላም አለ። በማግስቱ ጠዋት «ውሰዳት፣ ደርቃለች» ተብዬ ተረከብኩ። ፖሊዩሬታን ከአየር እርጥበት እየሳበ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። እንደ 3ኤም 5200 ያለው እስከ ውስጡ ለመድረቅ ከ5 እስከ 7 ቀን እንደሚፈልግ አምራቹ ይናገራል። ላዩን በጣት ነክቶ «ደርቋል» ማለት አይበቃም። ቱቦው ላይ ያለውን ቀንም አሳዩኝ ብዬ ነበር፤ ቱቦው ተጥሏል ተባልኩ። ፖሊዩሬታን መደርደሪያ ላይ ዕድሜ አለው፤ ያለፈበት አይደርቅም ወይም አይዝም። እኔ የገዛሁት መቼ የተመረተ እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ከውሃ በታች ያለው ነገር ነው። የውሃ መሳቢያው ፓምፕ የሚያልፍበትን ቀዳዳ በዚያው ሳምንት እናንተው ነክታችሁታል። በየትኛው ቱቦ እንደታሸገ የሥራ ማዘዣው ላይ አልተጻፈም። ከላይ ያለው ሲያፈስ ወለል ያበሰብሳል። ከታች ያለው ሲያፈስ ሰው የጫነች ጀልባ ከዳር ርቃ ነው የምትገኘው። ተሳፋሪዎቼ ውስጥ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚሄዱ፣ ዋና የማይችሉ እናቶች አሉ።

የምጠይቀው ይሄን ነው። መጀመሪያ ያንን የታች ቀዳዳ ፈትታችሁ፣ እኔ ቆሜ እያየሁ፣ ለውሃ ውስጥ በሚሆን ፖሊዩሬታን እንደገና አሽጉት። ይሄ ሳይደረግ ጀልባዋ ውሃ አትነካም። ቀጥሎ የበሰበሰውን ኮምፔንሳቶ አውጥታችሁ፣ አካባቢውን አድርቃችሁ በራሳችሁ ወጪ ተኩልኝ። መስታወቱና የመብራቱ ገመድም እንደዚሁ።

ሲሊኮኑን ስታነሱ ግን በምላጭ ፋቅ አድርጎ መተው እንዳይኖር አደራ። ሲሊኮን የማይታይ ቅባት ትቶ ነው የሚሄድ። በዚያ ላይ ቀለምም ሌላ ማሸጊያም አይዝም። አሁን ያለበትን ሁኔታ ለማየት ውሃ ጠብ አድርጌበት ነበር፤ ውሃው ክብ እየሠራ ይንከባለላል። ቅባቱ የፋይበሩን ገጽ በስሱ ካልተፈገፈገ አይለቅም። የፈገፈጋችሁትን ስታጸዱ ደግሞ ፖሊዩሬታን ልትቀቡበት ከሆነ በአልኮል አትጥረጉት፤ አልኮል መድረቁን ያበላሸዋል።

የእጅ ዋጋውን በተመለከተ፣ የከፈልኩት በሙሉ ይመለስልኝ። ጀልባዋ በቆመችባቸው ቀናት ስላጣሁት ገቢ ለጊዜው አልጠይቅም። ሥራው በአግባቡ ከተሠራ አልጠይቅም፤ ካልተሠራ ግን እሱም ይመጣል። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት ትክክለኛና በቂ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይላል። እኔ ጠይቄ የተሰጠኝ መልስ «ሁሉም አንድ ነው» የሚል ነበር።

መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ቴክኒሻን ስትልኩ ከመምጣቱ በፊት ይደውልልኝ፤ ቱቦዎቹንም ሳይከፈቱ፣ ቀናቸው እንደሚነበብ አድርጎ ይዞ ይምጣ።

ከሰላምታ ጋር
የጀልባዋ ባለቤት

አባሪ፦ የሥራ ማዘዣ፣ ደረሰኝ፣ የመስታወቱና የወለሉ ፎቶዎች
ግልባጭ፦ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት